ሟች የሚያስተዳድረው ቤት፦ ኑዛዜና ልብ ሰቀላ በሴይሺ ዮኮሚዞ «የኢኑጋሚ ቤተሰብ»

አዛውንቱ እያጣጣረ ነው። ሴቶች ልጆቹ፣ አማቾቹና የልጅ ልጆቹ መኝታውን ከበው ተቀምጠዋል፤ እንባ የሚያብስ ግን የለም። ትልቋ ልጅ ማትሱኮ ጠጋ ብላ ስለ ኑዛዜው ትጠይቀዋለች። ሳሄይ ኢኑጋሚ ቃል አይወጣውም፤ የሚንቀጠቀጥ ጣቱን አንሥቶ ወደ ጠበቃው ይጠቁማል። ጠበቃው ፉሩዳቴ ኑዛዜው በእጁ መሆኑን፣ ሆኖም የማትሱኮ ልጅ ኪዮ ከጦር ሜዳ እስኪመለስ እንደማይነበብ ይናገራል። ሽማግሌው በ81 ዓመቱ እስትንፋሱ ይቆማል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ግን በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በእሱ ትእዛዝ ይንቀሳቀሳል።

ጃፓናዊው ደራሲ ሴይሺ ዮኮሚዞ (1902–1981) ይህን ልቦለድ ከጃንዋሪ 1950 እስከ ሜይ 1951 «ኪንግ» በተባለው መጽሔት ላይ በተከታታይ አወጣው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የገጸ ባሕርያቱን ስም የጻፍኩት የእንግሊዝኛው ትርጉም አሳጥሮ እንደሚጠራቸው ነው።) በጃፓን ከሸርሎክ ሆምስ ባላነሰ የሚታወቀው ፀጉረ ጨብራራ፣ ሲደነግጥ የሚንተባተብ መርማሪ ኮሱኬ ኪንዳይቺ የሚገባበት ሥራ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚነበበው እንደ እንቆቅልሽ ነው፦ ማን ገደለ? እንዴት ገደለ? እኔ የምከራከረው ግን በዚህ መጽሐፍ ልብ የሚሰቅለው የገዳዩ ማንነት አለመሆኑን ነው። ልብ የሚሰቅለው ኑዛዜው ነው። ታሪኩን የሚገፋው፣ ገጸ ባሕርያቱን በጠላትነት የሚያሰልፈው፣ የሞቱንም ቅደም ተከተል የሚወስነው አንድ ሕጋዊ ሰነድ ነው። ይህን ለማሳየት ገዳዩን ሳልጠራ ማለፍ አልችልም፤ ምስጢሩ እንዲጠበቅለት የሚሻ አንባቢ መጽሐፉን አስቀድሞ ያንብብ።

በመጀመሪያ ሀብቱ። ሳሄይ ወላጆቹን የማያውቅ የሙት ልጅ ነበር። በ17 ዓመቱ ሲንከራተት ናሱ ሐይቅ ዳር ካለ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ ወድቆ የቤተ መቅደሱ ካህን ዳይኒ ኖኖሚያ አንሥቶ ያሳድገዋል፣ ያስተምረዋል። በሐር ንግድ ይነሣል፣ ይከብራል፣ የሐር ንጉሥ ይባላል። ናሱ ሐይቅ የፈጠራ ስም ነው፤ አገሩ ግን እውነተኛ ነው፤ በናጋኖ ግዛት የሚገኘው ሱዋ ሐይቅና አካባቢው፣ በተለይም የኦካያ ከተማ፣ የጃፓን የሐር ፈትል ማእከል ነበር። ከተራራ መንደሮች በውል ተቀጥረው የሚመጡ ልጃገረዶች ከፈላ ውኃ ውስጥ የሐር ትሉን ሽፋን እያወጡ ክሩን ይፈትሉ ነበር። ያ ክር ወደ አሜሪካ ተልኮ ለዐሥርተ ዓመታት የጃፓን ዋነኛ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆነ፤ የመርከቡም የፋብሪካውም መሣሪያ ግዢ የተደገፈው በእሱ ነው።

የእኛ አገር ምሁራን ያደነቋት ጃፓን ይህችው ናት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ሲጽፉ፣ በዚያው ዓመት የታወጀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም የሜይጂን ሕገ መንግሥት አርአያ ሲያደርግ፣ ከሩቅ የታየው ፋብሪካው፣ ባቡሩ፣ ትምህርት ቤቱና የመርከብ ኃይሉ ነበር። ሳሄይ በዚያው የሜይጂ ዘመን የከበረ ሰው ነው። ኅሩይ በክብር እንግድነት በፊት በር ገብተው የጎበኙትን ብልጽግና ዮኮሚዞ ከሃያ ዓመት በኋላ በጓሮ በር ያስገባናል፤ እዚያ የምናገኘውም ሳሎን ሳይሆን የቤተሰብ ቂም ነው።

ሳሄይ ሕጋዊ ሚስት አላገባም። ሦስት ውሽሞችን በአንድ ጣራ ሥር አስቀምጦ ከሦስቱም አንዳንድ ሴት ልጅ ወለደ፦ ማትሱኮ፣ ታኬኮ፣ ኡሜኮ። ለእናቶቻቸው ፍቅር አልነበረውም፤ ለልጆቹም የተረፈ የለም። ሴቶቹ አድገው ተዳሩ፤ ባሎቻቸው በድርጅቱ ውስጥ ኃላፊነት አገኙ፤ እያንዳንዳቸውም ወንድ ልጅ ወለዱ፦ ኪዮ፣ ታኬ፣ ቶሞ። ሽማግሌው ከልቡ የወደዳት በዕድሜው ከገፋ በኋላ ያገኛትን የገዛ ፋብሪካውን ሠራተኛ ኪኩኖን ነበር። ኪኩኖ ወንድ ልጅ ሺዙማን ወለደችለት። ሳሄይም የቤቱን ሦስት ቅርሶች፣ መጥረቢያውን፣ ኮቶ የተባለውን ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያና የአደይ መሰሉን የክሪዛንተመም አበባ፣ ከወርቅ የተሠሩ ምስሎቻቸውን ለእሷ ሰጣት። ቅርሶቹን የያዘ ወራሽ ነው። ሦስቱ እኅቶች ይህን ሲሰሙ ሌሊት ተነሥተው የአራስ ቤቷን ሰብረው ገቡ፤ ደበደቧት፣ በብርድ አሠቃዩአት፣ ልጁ የሳሄይ እንዳልሆነ አስፈርመው ቅርሶቹን ነጠቁ። ኪኩኖ ረግማቸው ጠፋች።

ይህን ምልሰት የጭካኔ ማሳያ ብቻ አድርጎ ማንበብ ያሳስታል። በ1898 የወጣው የጃፓን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤተሰብን በአንድ የቤት አለቃ ሥር ያዋቀረ ነበር፤ አለቅነቱ ሲወረስ ወንድ ከሴት፣ ታላቅ ከታናሽ ይቀድማል። ሦስት ሴቶች ልጆች ብቻ ባሉበት ቤት አንድ የአራስ ወንድ ልጅ መወለዱ የሦስቱንም እኅቶች ተስፋ በአንድ ጊዜ ሊያጠፋው ይችላል። እኅቶቹ በሕይወታቸው ሙሉ ተስማምተው የፈጸሙት ብቸኛው ሥራ ይህ ሌሊት ነው፤ ያስማማቸውም ሕጉ ነው።

ልቦለዱ በሚጻፍበት ጊዜ ግን ይህ ሕግ የለም። ጃፓን በ1945 ተሸንፋ በአሜሪካ በሚመራው ጦር ሥር ከወደቀች በኋላ፣ በሜይ 3 ቀን 1947 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1948 ጀምሮ የተሻሻለው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት አለቅነትን ሰረዘ፤ ውርስ በታላቅነትና በወንድነት መታሰቡ ቀረ። በዚያው ሰሞን ሚትሱይ፣ ሚትሱቢሺ፣ ሱሚቶሞና ያሱዳ የመሳሰሉት በቤተሰብ የተያዙ ግዙፍ የንግድ ድርጅቶች በትእዛዝ እየተበተኑ ነበር። የ«ኪንግ» አንባቢ መጽሔቱን ሲገልጥ በጋዜጣው ላይ ሲፈርስ ያነበበውን ቤት በልቦለዱ ውስጥ ቆሞ ያገኘዋል። ሽማግሌው ኑዛዜውን ያዘጋጀው ለአዲሱ ዘመን ነው፤ ይዘቱ ግን ከአሮጌው ነው።

ኑዛዜው ምን ይላል? ሙሉው ሀብትና ንግድ፣ ከሦስቱ ቅርሶች ጋር፣ ለካህኑ ዳይኒ የልጅ ልጅ ለታማዮ ይሰጣል፤ ነገር ግን ከሦስቱ የልጅ ልጆች አንዱን በሦስት ወር ውስጥ ካገባች ነው። ሦስቱንም እንቢ ካለች ታጣዋለች። ሦስቱም ካልፈለጓት ወይም ከሞቱ የፈለገችውን ታገባለች፤ ሀብቱም የእሷ ይሆናል። ታማዮ መብቷን ካጣች ወይም ከሞተች ንግዱ ለኪዮ ይሆናል፤ ንብረቱ ግን አምስት ቦታ ተከፍሎ ለኪዮ፣ ለታኬና ለቶሞ አንዳንድ እጅ፣ የቀረው ሁለት እጅ የት እንዳለ ለማይታወቀው ለሺዙማ ይደርሳል። ታማዮም ሦስቱም ወንዶች ቢሞቱ ጠቅላላው የሺዙማ ነው። ለማትሱኮ፣ ለታኬኮና ለኡሜኮ ምንም የለም። ስማቸውም አይነሣም።

ይህን ሰነድ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው እያንዳንዱ አንቀጽ የአንድን ሰው ሞት ለሌላው ጥቅም ያደርጋል። ለታማዮ የሚመቻት የሦስቱ ወንዶች ሞት ነው፤ ነጻነትም ሀብትም በአንድ ጊዜ ታገኛለች። ለታኬና ለቶሞ፣ ታማዮ ኪዮን የምትመርጥ ከሆነ፣ የሚሻላቸው የእሷ ሞት ነው፤ ቢያንስ አንዳንድ እጅ ይደርሳቸዋል። ለእያንዳንዱ ወንድ የሁለቱ ዘመዶቹ መወገድ ምርጫዋን ወደ እሱ ያጠብበዋል። ሺዙማ ደግሞ በሕይወት ካለ የሁሉም ሞት ይጠቅመዋል። በሌላ የወንጀል ልቦለድ መርማሪው ማን ምክንያት እንዳለው እየቆፈረ ያወጣል፤ እዚህ ምክንያቱ በጠበቃ አፍ፣ በተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ፊት፣ በአንቀጽ በአንቀጽ ይነበባል። ጥርጣሬ በእኩል የታደለበት ልቦለድ ብዙ አላውቅም። የታማዮ ጀልባ ተሸንቁሮ ሐይቅ መካከል መስጠም ሲጀምር፣ ቀደም ብሎም ሌሎች አደጋዎች እንደደረሱባት ስንሰማ፣ ጥያቄያችን ማን አደረገው ብቻ አይሆንም፤ ኑዛዜውን ማን አስቀድሞ አንብቦታል የሚል ይሆናል። ፉሩዳቴ ቢሮ ውስጥ ይሠራ የነበረውና ለኪንዳይቺ የእርዳታ ደብዳቤ የጻፈው ወጣት ጠበቃ ዋካባያሺ መርማሪውን ሳያገኝ በተመረዘ ሲጋራ የሚሞተውም ለዚሁ ነው። በዚህ መጽሐፍ የመጀመሪያው የግድያ ሰለባ የሰነዱ ጠባቂ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሽማግሌው እንዲተላለቁ ፈልጎ ነው ይህን የጻፈው? ጥርጣሬው በመጽሐፉ ውስጥም ይነሣል። እኔ እብደት አይታየኝም። በዚያ ሌሊት ሦስቱ እኅቶች ኪኩኖን የቀሟት ቅርሶቹን ነበር፤ ሳሄይ ቅርሶቹን ከእነሱ ወስዶ ለሌላ ሴት ይሰጣል። እኅቶቹ የተዋጉት ለልጆቻቸው ነበር፤ እሱ ልጆቻቸውን በአንዲት ሴት ምርጫ ሥር ይጥላቸዋል። ሺዙማን አባት የለሽ ያደረጉት እነሱ ነበሩ፤ እሱ ከየልጆቻቸው እጥፍ ድርሻ ይመድብለታል። ይህ ቅጣት ነው፤ በቀጪው ሞት ማግስት እንዲፈጸም በጥንቃቄ የተሰላ ቅጣት። ንጉሥ ሊር መንግሥቱን በሕይወት ሳለ ለልጆቹ አከፋፍሎ ሥልጣኑን በማጣቱ ይጎዳል። ሳሄይ ከሊር ስሕተት የተማረ ይመስላል፤ ሳይሞት ምንም አይሰጥም፣ ከሞተም በኋላ ምንም አይለቅም።

የኑዛዜ ንባቡ ትዕይንት የመጽሐፉ ትልቁ ጥበብ ይመስለኛል፤ ከግድያዎቹ ይልቅ። ቤተሰቡ በሟቹ ፎቶግራፍ ፊት በየደረጃው ተደርድሯል። ሁሉም ዓይን ግን ያረፈው ከበርማ ጦርነት በተመለሰው ኪዮ ላይ ነው፤ ፊቱ በጦርነት ስለተቃጠለ እናቱ የቀድሞ መልኩን አስመስላ ያሠራችለትን የጎማ ጭምብል አጥልቋል። ያ የማይንቀሳቀስ፣ ደስታም ሐዘንም የማይታይበት ፊት ከታኬና ከቶሞ ፊት ይልቅ ያማረ ነው። ዘመዶቹ ይህ ሰው ኪዮ መሆኑን በምን እናውቃለን ይላሉ። ማትሱኮ ልጇ ጭምብሉን ገልጦ እንዲያሳያቸው ታዝዛለች፤ የታየው ግን ማንነትን የሚያስረዳ ፊት ሳይሆን የተቀቀለ ሥጋ ነው። ከዚህ በኋላ ነው ፉሩዳቴ ፖስታውን የሚቀደው። ዮኮሚዞ ቅደም ተከተሉን በዚህ መልክ ማስቀመጡ የዋዛ አይደለም፤ ውርስ የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ሳይረጋገጥ ውርሱ ይነበባል። ማትሱኮ ኑዛዜው የሐሰት ነው ብላ ትጮኻለች። ጉዳዩ ግን ፍርድ ቤት አይደርስም፤ ልጆች ከአባታቸው ውርስ ጨርሰው እንዳይነቀሉ የሚጠብቅ ድርሻ በአገሪቱ ሕግ ውስጥ ቢኖርም፣ ከሦስቱ እኅቶች አንዷም ክስ መሥርታ ቀኗን አትጠብቅም። በአባታቸው ቤት የሚታወቀው ዳኝነት የአባታቸው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማትሱኮ። ገዳይዋ እሷ ናት፤ ዋካባያሺን፣ ታኬን፣ ቶሞን የገደለችው ማትሱኮ ናት። በታሪኩ ውስጥ እጅግ የሚስበኝ ገጸ ባሕርይ በመሆኗ ደራሲው ከሌሎቹ እኅቶች ለይቶ የሰጣትን ክብር አልቃወምም። ቀጥ ብላ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋን የማታነሣ፣ ትምባሆ የምታጨስ፣ ኮቶ የምትማር ሴት ናት። የራሷ የሆነ አንዳች ሥልጣን የላትም፤ ያላት ሁሉ በአባቷ ወይም በልጇ በኩል የሚያልፍ ነው። በኑዛዜው ስሟ ያልተጠራ ሴት ሦስት ሰው ስትገድል የምትገድለው ለራሷ አይደለም፤ ስሙ ለተጠራ ልጇ ነው። የሥልጣን ሽኩቻን በሚተርኩ ልቦለዶች ገዳዩ ብዙውን ጊዜ ወራሽ መሆን የሚፈልግ ነው፤ እዚህ ከውርስ የተገለለችው ናት የምትገድለው።

የዮኮሚዞ ምጸት የሚከፋው ከዚህ በኋላ ነው። ጭምብል ያጠለቀው ሰው ኪዮ አይደለም፤ ሺዙማ ነው። ማትሱኮ በዚያ ሌሊት ያሠቃየቻት የኪኩኖ ልጅ የማትሱኮን ልጅ መልክ ለብሶ እቤቷ ተቀምጧል፤ እሷም ስለ እሱ ስትል የእኅቶቿን ልጆች ታርዳለች። የኮቶ መምህሯ፣ ዓይኗ የፈዘዘው ኮኪን፣ ራሷ ኪኩኖ ናት። እውነተኛው ኪዮ ደግሞ ከጦርነት ተመልሶ ተደብቋል፤ እናቱ ስትገድል አይቷል፤ በሺዙማ አስገዳጅነት የእናቱን ወንጀል ከሌላ ሰው እጅ የወጣ ለማስመሰል ሬሳዎቹን ያሰናዳል። እናት ለልጇ ትገድላለች፤ ልጅ ስለ እናቱ ይሸፍናል፤ በሁለቱ መካከል የቆመው እናቲቱ በአራስነቱ የበደለችው ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ዝርዝር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ወንዶቹ ወደ ጦር ሜዳ ሲሄዱ ለናሱ ቤተ መቅደስ የእጃቸውን መዳፍ አሻራ በስእለት ሰጥተው ነበር። ታኬና ቶሞ የጭምብለኛውን አሻራ ከዚያ ጋር እናስተያይ ሲሉ ማትሱኮ ልጄ እንደ ወንጀለኛ አይመረመርም ብላ በኩራት ትከለክላለች። ታኬ ከተገደለ በኋላ ግን ራሷ ፈቅዳ ምርመራው ይደረጋል። ባለሙያው ሁለቱን አሻራ አመሳክሮ አንድ ናቸው ይላል። ባለሙያው አልተሳሳተም፤ አሻራውን የሰጠው በስውር የተተካው እውነተኛው ኪዮ ነበር። ስለዚህ ሳይንስ እውነቱን ተናግሮ ሁሉንም አሳሳተ። ታማዮ ደግሞ አንድ ዘዴ አላት፤ የተበላሸ የኪስ ሰዓት እንዲጠግንላት ለጭምብለኛው ትሰጠዋለች፤ የፈለገችው ጥገናውን ሳይሆን በክዳኑ ላይ የሚያርፈውን የጣት አሻራ ነው። ብዙ ሐያሲዎች ታማዮን ውብና ዝምተኛ፣ ሌሎች የሚጎትቷት ሴት አድርገው ያልፏታል። ሰዓቷን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ከኪንዳይቺ ቀድማ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ናት። ቅሬታዬ ደራሲው ይህን ብልኅነት ከሰጣት በኋላ ወዲያው ረስቶት፣ በቀሪው መጽሐፍ ወንዶች የሚደፍሯትና ታማኙ አገልጋይ ሳሩዞ የሚያድናት ሴት አድርጎ ማስቀረቱ ነው።

ግድያዎቹ የተደረደሩት በሦስቱ ቅርሶች አምሳል ነው። የታኬ ጭንቅላት የሚገኘው ሳሩዞ በየዓመቱ በቤተሰቡ መልክ በሚሠራው የአበባ አሻንጉሊት ትከሻ ላይ ነው። የቶሞ አንገት ላይ የኮቶ አውታር ተጠምጥሟል። የጭምብለኛው ሬሳ በበረዶ በተጋገረው ሐይቅ ውስጥ ተዘቅዝቆ ሁለት እግሮቹ ብቻ ወደ ሰማይ ይታያሉ፤ በ1976 ኮን ኢቺካዋ ባዘጋጀው ፊልም ይህ ትዕይንት እጅግ ከመታወቁ የተነሣ መጽሐፉን ያላነበበ ጃፓናዊ እንኳ ያውቀዋል። ይህ ጌጥ በ«ኪንግ» ተከታታይ እትም ለአንባቢው የሚቀጥለውን ወር የሚያስናፍቅ ማባበያ መሆኑ ግልጽ ነው። ለእኔ ግን የመጽሐፉ ደካማ ጎን ነው። ኑዛዜው በራሱ በቂ አስፈሪ ነበር፤ ሬሳ እንደ ማሳያ ዕቃ ሲደረደር ዓይናችን ከሰነዱ ወደ ትርኢቱ ይሸሻል። ዮኮሚዞ የሚያደንቀው የጆን ዲክሰን ካር ተጽእኖ እዚህ ይጎላል።

መርማሪው ለአንባቢ አስደሳች ነው፤ ለቤተሰቡ ግን ከንቱ። ኪንዳይቺ ወደ ናሱ የመጣው ሞት ለመከላከል ነበር፤ የጠራው ሰው በደረሰበት ዕለት ይሞታል፤ ከዚያ በኋላም አንድ ሰው እንኳ አያድንም። ጃፓናውያን አንባቢዎች በዚህ ይቀልዱበታል። እኔ ግን በዚህ ልቦለድ ሌላ ሊሆን አይችልም እላለሁ። ሽኩቻውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ተቀብሯል፤ ማሰርም ማስፈራራትም አይቻልም። ለመርማሪው የቀረለት ሥራ እንደ ጠበቃው ማንበብ ብቻ ነው፤ ፉሩዳቴ ኑዛዜውን ያነባል፣ ኪንዳይቺ በመጨረሻው ስብሰባ ወንጀሉን ያነባል። በሁለቱም ንባብ ታዳሚው አንድ ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ ቁጥሩ አንሷል።

በመጽሐፉ ውስጥ ጨርሶ የማንገባበት አንድ ቦታ አለ፦ ፋብሪካው። የሚፋጁበት ሀብት ከየት እንደመጣ፣ በስንት ልጃገረዶች ጣት እንደተፈተለ አንድም ትዕይንት አያሳየንም። ኪኩኖ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻ ያልፋል። ከዚያ ወለል ተነሥታ ወደ ባለቤቱ ቤት ለመግባት የሞከረችው እሷ ብቻ ናት፤ የደረሰባትንም አንብበናል። ደራሲው ይህን ሆን ብሎ ተወው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ በሐብታም ቤት ሽኩቻ የሚጠመዱ ልቦለዶች በአብዛኛው የገንዘቡን አከፋፈል እንጂ የገንዘቡን አሠራር አይተርኩም። ግን የኪኩኖ እርግማን ዐቢይ ቦታ ይዞ ሳለ እርግማኑ የአንዲት የተበደለች እናት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መቅረቱ መጽሐፉን ያጠብበዋል።

ዘርም ቢሆን ሽማግሌው እንደሚፈልገው አይታዘዝም። ሳሄይ ካህኑ ዳይኒን ይወድ ነበር፤ የካህኑን ሚስት ሃሩዮንም ወደደ። ከእሷ የወለዳት ልጅ የታማዮ እናት ናት። ስለዚህ ለባዕድ የተሰጠ የመሰለው ሀብት ለራሱ የልጅ ልጅ ነው የተሰጠው፤ ለዳይኒ ውለታ መክፈያ የመሰለው ኑዛዜ ዳይኒ ራሱ እያወቀ የተሸሸገ ምስጢር መሸፈኛም ነው። ሺዙማ ይህን ሲሰማ እቅዱ ሁሉ ይፈርሳል፤ የሚያገባት ሴት የእኅቱ ልጅ ናት። ማትሱኮ ታማዮን ጠይቃት ብላ ስታጣድፈው እንቢ ይላል፤ ምክንያቱን ስትጠይቀው ማንነቱን ይነግራታል። እሱንም ገደለችው። ከአራቱ ግድያዎች ይህኛው ብቻ ስለ ውርስ አይደለም።

መጨረሻው የተስተካከለ መስሎ ይታያል። ማትሱኮ ሁሉንም ታምናለች፤ ኪዮ ሬሳ በማሰናዳቱ ፍርድ ቢጠብቀውም ታማዮ እንደምትጠብቀው ትናገራለች፤ ሀብቱ ከእሷ ጋር ነው። ተራኪው ይህን እንደ ማጽናኛ ያቀርበዋል። ውጤቱን በኑዛዜው ሚዛን ስንመዝነው ግን ሳሄይ የጻፈው ሁሉ ተፈጽሟል፤ ታማዮ ከሦስቱ አንዱን መርጣለች፣ ንግዱ ከዘሩ አልወጣም፣ ሦስቱ እኅቶች ምንም አላገኙም። ማትሱኮም ያሰበችው ሆኖላታል፤ ወራሹ ልጇ ነው። የተሸነፉት ታኬኮና ኡሜኮ፣ እንዲሁም የታኬ እኅት ሳዮኮ ናቸው። ሳዮኮ ከቶሞ ፀንሳለች፤ በደረሰባት ድንጋጤም አእምሮዋ ተናውጧል።

ማትሱኮ ዋካባያሺን ከገደለችበት ትምባሆ አንዱን ከመለኮሷ በፊት አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አላት። ታማዮን ጠርታ፣ ሳዮኮ የፀነሰችው ልጅ ሲያድግ ከሀብቱ እኩሌታውን እንድትሰጠው ታስምላታለች። ልጆቻቸውን ለገደለችባቸው ለሁለቱ እኅቶቿ የምትሰጠው ካሣ ይህ ነው። ታማዮ ቃል ትገባለች። ያልተወለደው ልጅ፣ ገና ስም ሳይወጣለት፣ በስሙ ድርሻ ተመደበለት፤ ድርሻውን የመደበችውም በአባቷ ኑዛዜ ስሟ ያልተጠራው ሴት ናት።